ድንበርተኛ ይጠራ!

አያቴ ገሳይ አቅራቢያ፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች የምታመርት ገበሬ ናት። ባለፈው ጥር ልጠይቃት ስሄድ አረንጓዴውን የመሬት ደብተሯን ከሣጥን አውጥታ አሳየችኝ። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሊት፣ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ ወንዝ ይላል። በሰሜን ያሉት ሰውዬ ሞተዋል። ልጃቸው ደግሞ ከጓሮዋ ጥግ የቤት መሠረት እየቆፈረ ነው። የነገራት የለም፤ ያወቀችው የዶማ ድምፅ ስትሰማ ነው።

«መሬቱማ የራሱ ነው፤ ግን ቢነግረኝ ምን ነበረበት ልጄ?» አለችኝ።

ይሄ ጥያቄ ታሪክ አለው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጎንደር ርስት የሚጠየቀው ዘር ተቆጥሮ ነበር። ካርታ አልነበረም። ካርታው ሰው ነው፤ ድንጋዩ የቱ ጋ እንደተተከለ የሚያውቅ ሽማግሌና ድንበርተኛ። መንግሥት ሳይጠይቅ ሊለካ ነው ሲባል ደግሞ ገበሬው ይደነግጣል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ አንዱ ስጋቱ ይሄው ነበር።

ደርግ በ1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሽግሽግ መጣ። «ቢሮክራት» ወይም «ቅሪት ፊውዳል» የተባለ ሰው ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ያኔ ጎረቤት ምስክር ብቻ ሳይሆን ፈራጅም ሆነ። ስለዚህ የጎረቤት ድምፅ ሁሌ ቅዱስ ነው አልልም!

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ደብተር የተሻለ መንገድ ያዘ። በስዊድን ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ተሞክሮ በክልሉ ተስፋፋ። ኮሚቴው ማሳው ላይ ሲደርስ ድንበርተኛ ይጠራል፤ ወሰኑ እሱ ባለበት ይታያል፤ ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲናገር ለሕዝብ ይቀርባል። ማለትም መጀመሪያ ንገር፣ ከዚያ ጻፍ። በኋላ የአየር ፎቶ ሲመጣ እንኳ ፎቶው ላይ መስመሩን የሚያሳየው ባለይዞታውና ጎረቤቱ ነው።

ግንባታ ላይስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን በጭስ፣ በሽታ፣ በድምፅ ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ ሕግ የሚጠራው ጭሱ ከወጣ በኋላ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የጋራ ግድግዳ ሕግ የጋራውን ግድግዳ የሚነካ ሰው ከ2 ወር በፊት ለጎረቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መከልከል ሌላ፣ መስማት ሌላ።

ወደ አያቴ ልመለስ። ሽማግሌ ገባ። ለካ የአዲሱ ቤት ጠፈጠፍ በቀጥታ የድንች ጎተራዋ ላይ ሊወርድ ነበር! ልጁ አላሰበውም፤ ክፋትም የለበትም። መሠረቱን አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ሳበው። የፈጀበት የግማሽ ቀን ቁፋሮ ነው። ጣሪያው ከተመታ በኋላ ቢሆን ኖሮ ስንት ቀጠሮ፣ ስንት ዓመት ኩርፊያ?

የኛ የከተማ ልጆች ችግር ግን ሌላ ነው። ፈቃድ ስናወጣ ፕላኑን፣ ካርታውን፣ ማህተሙን እናውቃለን። ግድግዳችንን የሚጋራው ሰው ስሙ ማን ነው?