የጨቅላ ሳንባ ጉድለት እንዴት ታወቀ

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚገጥመው የመተንፈስ ችግር የራሱ መልክ አለው። ገና ከተወለደ ጥቂት ሳይቆይ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ይተነፍሳል። አየር በሳበ ቁጥር የአፍንጫው ቀዳዳ ይሰፋል፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሲያስወጣም ያቃስታል። ሕመሙ ሁለት ሦስት ቀን እየባሰ ይሄድና ከዚያ በኋላ ወይ ይለቀዋል ወይ ይገድለዋል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐኪም ማድረግ የሚችለው ሕፃኑን ማሞቅ፣ ኦክስጅን መስጠትና መጠበቅ ነበር።

በዚህ ሕመም የሞቱ ሕፃናት አስከሬን ሲመረመር ሳንባቸው እንደ ጉበት ጠጥሮና ቀልቶ ይገኛል። ጤናማ ሳንባ በውስጡ አየር ስላለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህኛው ግን ይሰጥማል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ የአየር ከረጢቶቹና ወደ እነሱ የሚያደርሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች አንጸባራቂ ስስ ሽፋን ለብሰው ይታያሉ። ሽፋኑን በ1903 ሆክሃይም የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ገለጹት፤ ሕመሙም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ሽፋን ስም ሲጠራ ኖረ። ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት አብዛኛው ክርክር ሽፋኑ ከየት መጣ በሚለው ላይ ያተኮረ ነበር። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ የሳበው የሽርት ውሃ ነው ያሉ ነበሩ፤ ወደ ሳንባው የገባ ወተት ነው ያሉም አልጠፉም። ይሁንና ሞተው በተወለዱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ሽፋኑ አይገኝም። ሽፋኑ እንዲታይ ሕፃኑ ለጥቂት ሰዓታት መተንፈስ ነበረበት። ይህ ሽፋኑ የሕመሙ ውጤት እንጂ መነሻ አለመሆኑን የሚጠቁም ቢሆንም፣ ዓይን የሚያየውን ነገር ትቶ የማይታየውን መፈለግ ለተመራማሪም ቀላል አልሆነም።

ትክክለኛው ፍንጭ የተገኘው በ1929 ነው። በስዊዘርላንድ ይሠሩ የነበሩት ኩርት ፎን ኒርጋርድ የአሳማ ሳንባ ወስደው አንድ ጊዜ በአየር፣ ሌላ ጊዜ በፈሳሽ ሞሉት። በፈሳሽ ለመንፋት የሚያስፈልገው ግፊት በአየር ለመንፋት ከሚያስፈልገው እጅግ ያንሳል። ሳንባ ተመልሶ እንዲኮማተር የሚያደርገው ኃይል የሥጋው የመለጠጥ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ግፊቶች ባልተለያዩ ነበር። ልዩነቱ የመጣው እርጥቡ የከረጢቶቹ ግድግዳ ከአየር ጋር ከሚገናኝበት ገጽ ነው። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ እርጥብ ገጽ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ለመሰብሰብ ይታገላል፤ ይህም የገጽ ውጥረት ይባላል። ከረጢቱ ባነሰ መጠን ክፍቱን ለማቆየት የሚጠየቀው ግፊት ይጨምራል፤ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከረጢቶች ደግሞ ከሁሉም ያነሱ ናቸው። ኒርጋርድ ነገሩ የአራስ ሕፃን የመጀመሪያ ትንፋሽ ላይ ሚና ሳይኖረው እንደማይቀር ጭምር ጽፈው ነበር። ጽሑፋቸው ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አስታዋሽ አጣ።

ጉዳዩን እንደገና ያነሱት የሕፃናት ሐኪሞች አልነበሩም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመርዝ ጋዝ ጥቃትን የሚያጠኑ የጦር ላቦራቶሪዎች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በፖርተን ዳውን ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ፓትል በመርዝ ጋዝ የተጎዳ ሳንባን የሚሞላውን አረፋ የሚያጠፋ መድኃኒት ይፈልጉ ነበር። ሌላ አረፋ የሚያፈርሱት መድኃኒቶች በሳንባ አረፋ ላይ አልሠሩም። ከሳንባ የወጡ ጥቃቅን አረፋዎችን በማይክሮስኮፕ ሲከታተሉም በተለመደው ፈሳሽ ውስጥ ቶሎ ሊጠፉ የሚገባቸው አረፋዎች ለረጅም ጊዜ ሳይከስሙ ቆዩ። ከዚህ በመነሳት የሳንባ ከረጢቶች የገጽ ውጥረትን ወደ ዜሮ ገደማ የሚያወርድ ልባስ እንዳላቸው በ1955 ጻፉ። ቆየት ብለውም የዚህ ልባስ አለመኖር ያለጊዜው ከሚወለድ ሕፃን ችግሮች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ።

በአሜሪካ ጦር የኬሚካል ማዕከል፣ በሜሪላንድ ኤጅዉድ፣ ጆን ክሌመንትስ ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ ለኩት። ከሳንባ የተቀዳ ፈሳሽ የያዘ ዝርግ ገንዳ አዘጋጁ፤ የፈሳሹን ገጽ እንደ ትንፋሽ አንዴ የሚያጠብ፣ አንዴ የሚያሰፋ ተንቀሳቃሽ ከልካይም ገጠሙለት። ገጹ ሲጠብ ውጥረቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ ሲሰፋ ይጨምራል። ከረጢቶች አየር ሲወጣባቸው የማይከስሙበት ምክንያት ይኸው ነበር። ሳይንስ የተባለው መጽሔት ጽሑፋቸውን አልቀበልም አለ፤ በ1957 በሌላ መጽሔት ታተመ። ዛሬ ሰርፋክታንት የሚባለው ይህ ንጥረ ነገር በአብዛኛው ቅባት፣ በጥቂቱ ደግሞ ፕሮቲን ነው። የሚያመርቱት በከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ የሚገኙ ልዩ ሴሎች ሲሆኑ፣ በበቂ መጠን የሚገኘው ከ34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው።

ሁለቱን ዓለማት ያገናኙት ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ናቸው። በ1952 ከጆንስ ሆፕኪንስ በሕክምና ከተመረቁ ብዙም ሳይቆዩ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው፤ ስለ ሳንባ የማወቅ ጉጉታቸውም ከዚያው ጋር ይያያዛል። ቦስተን ውስጥ ከጀር ሚድ ጋር ምርምር እያደረጉ ሳለ በመተንፈስ ችግር የሞቱ ሕፃናት የአየር ቧንቧ አረፋ እንደሌለው አስተዋሉ። ወደ ኤጅዉድ ሄደው የክሌመንትስን መሣሪያ ካዩ በኋላ ተመሳሳዩን ሠሩ፤ በዚህ ሕመም የሞቱ ሕፃናትን ሳንባ በሌላ ምክንያት ከሞቱት ጋር አነጻጸሩ። በሕመሙ ከሞቱት የተወሰደው ፈሳሽ ገጹ ቢጠብም ውጥረቱ እንደሚፈለገው አልወረደም። በ1959 ኤቨሪና ሚድ ያሳተሙት ጽሑፍ ለሃምሳ ዓመት የተጠየቀውን ጥያቄ ገለበጠው፤ ሕፃኑን የሚገድለው ሳንባው ውስጥ የተጨመረ ነገር ሳይሆን የጎደለ ነገር ነው።

ማወቅና ማዳን ግን ለየቅል ሆኑ። ነሐሴ 7 ቀን 1963 የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ፣ 2.1 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ ተወለደ። ወደ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተወስዶ ከፍተኛ የአየር ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ኦክስጅን ተሰጠው። በተወለደ በ39 ሰዓቱ በዚሁ ሕመም ሞተ። የኤቨሪና የሚድ ጽሑፍ ከታተመ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ሞቱ ለዚህ ምርምር የሕዝብ ትኩረትና ገንዘብ አስገኘ።

ኦክስጅን ራሱ ቀደም ብሎ መራራ ትምህርት ሰጥቶ ነበር። በ1940ዎቹ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በገፍ ሲሰጥ ሐኪሞች በጎ መሥራታቸውን አልተጠራጠሩም። በዚያን ዘመን ግን በዓለም ዙሪያ 10,000 ያህል ሕፃናት የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። ኬት ካምቤል በሜልበርን በ1951 ኦክስጅንን ተጠያቂ አደረጉ፤ ብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በጋራ ያካሄዱት ሙከራም አረጋገጠ። ቀጥሎ የመጣው ስህተት ደግሞ የመጀመሪያው ግልባጭ ነበር። ኦክስጅን ለሁሉም በጥብቅ ሲቀነስ ዓይናቸው የተረፈ ሕፃናት ቢኖሩም፣ በአየር እጦት የሞቱትም በዙ። ችግሩ የተቃለለው የደም ኦክስጅንን በየጊዜው መለካት ከተቻለ በኋላ ነው።

በ1971 በሳን ፍራንሲስኮ የሰመመን ሐኪሙ ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቻቸው የሕፃኑን ማቃሰት በቁም ነገር ወሰዱት። የሚያቃስት ሕፃን አየር ሲያስወጣ ጉሮሮውን በከፊል ይዘጋል፤ በዚህም ሳንባው ውስጥ ጥቂት ግፊት አስቀርቶ ከረጢቶቹ እንዳይከስሙ ይከላከላል። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ሲገባለት ይህን ዘዴውን ይነጠቃል። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ግፊት ከውጭ ሰጡት፤ ከ20 ሕፃናት 16ቱ ተረፉ። ሲፓፕ የሚባለው ሕክምና የተጀመረው እንዲህ ነው። ቀላሉ ዓይነት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አየርና ኦክስጅን ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ይነፋል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ቱቦው አምስት ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱም አምስት ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል፤ ነርሷም ውኃው ሲንተከተክ በማየት ግፊቱ እየደረሰ መሆኑን ታውቃለች።

ሌላው ግኝት ከበግ በረት ወጣ። በኒውዚላንድ ኦክላንድ የሴቶች ሐኪሙ ግርሃም ሊጊንስ ምጥን የሚያስጀምረው ምን እንደሆነ ያጠኑ ነበር። በማኅፀን ላሉ ግልገሎች ስቴሮይድ ሲሰጡ በጎቹ ያለጊዜያቸው ወለዱ። ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ የተወለደ ግልገል ሊተነፍስ አይገባውም ነበር፤ ሆኖም አንዱ ተነፈሰ፤ ሞቶ ሳንባው ሲከፈትም ከፊሉ አየር ይዞ ተገኘ። ሌላ ሰው እንደ እንግዳ አጋጣሚ ሊያልፈው የሚችለውን ነገር ሊጊንስ ያዙት። ከሕፃናት ሐኪሙ ሮስ ሃዊ ጋር ሆነው ያለጊዜያቸው ሊወልዱ በተቃረቡ 282 እናቶች ላይ ሞከሩት፤ በዕጣ የተለዩት ገሚሶቹ ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ተወጉ። ውጤቱ በ1972 ሲታተም የመተንፈስ ችግር ከ25.8 በመቶ ወደ 9 በመቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞት ደግሞ ከ15 በመቶ ወደ 3.2 በመቶ ወርዶ ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት ባንድ ጊዜ ዓለምን ያዳርሳል ተብሎ ይጠበቃል። አላዳረሰም። ሐኪሞች መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳል ብለው ፈሩ፤ ተከታዮቹ ሙከራዎችም ለየብቻቸው ትንንሽ ስለነበሩ ገሚሶቹ አጠራጣሪ መሰሉ። ሲደመሩ ግን ጥቅሙ አከራካሪ አልነበረም። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚያሰባስበው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ዓርማውን ከነዚሁ ሙከራዎች ውጤት ቀርጾታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጉባኤ መርፌው በሰፊው እንዲሰጥ የመከረው በ1994፣ የሊጊንስና የሃዊ ጽሑፍ ከወጣ ከ22 ዓመት በኋላ ነው።

የጎደለውን ሰርፋክታንት ራሱን መተካት በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም ቀላል ይመስል ነበር። በ1960ዎቹ ዋናውን ቅባት ብቻ በጉም መልክ ለማስተንፈስ ተሞክሮ ብዙም አልረዳም። ፕሮቲን የሌለው ቅባት በከረጢቱ ገጽ ላይ ቶሎ አይሰራጭም፤ ጉሙም ወደ ሳንባው የሚያደርሰው ጥቂት ነበር። በ1972 ጎራን ኤንሆርኒንግና ቤንግት ሮበርትሰን ያለጊዜያቸው በተወለዱ ጥንቸሎች የአየር ቧንቧ ውስጥ ከጎልማሳ ሳንባ የተገኘ ሰርፋክታንት ጨምረው ሳንባቸው ሲከፈት አሳዩ። በ1980 ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ በአኪታ ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት በቱቦ መስጠታቸውን ጻፉ፤ የሕፃናቱ የኦክስጅን ፍላጎት በሰዓታት ውስጥ ቀነሰ። በስቶክሆልም ሮበርትሰንና ቶሬ ኩርስቴት ከአሳማ ሳንባ ሌላ አዘጋጁ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሰርፋክታንት መድኃኒት በ1990 ተፈቀደ፤ ይህኛው በላቦራቶሪ የተቀመመና የክሌመንትስ ሥራ ነበር።

መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ቅዝቃዜና የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል። ስለዚህ በድሃ አገሮች ሸክሙን የተሸከሙት ሲፓፕና የእናቶች መርፌ ናቸው። መርፌውም ቢሆን በሄደበት ሁሉ አልሠራም። በ2015 በስድስት አገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት መርፌውን በየጤና ጣቢያው ማዳረስ የትንንሽ ሕፃናትን ሞት እንዳልቀነሰ፣ በአጠቃላይ ሲታይም የአራሶችን ሞት እንደጨመረ አሳየ። በ2020 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ባደረገው ሙከራ ዴክሳሜታሶን የተባለው ሌላ ስቴሮይድ ሞትን ቀነሰ። በሁለተኛው ጥናት የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተረጋግጧል፤ ሆስፒታሎቹም ለሕፃኑ እንክብካቤ የሚሰጡ ነበሩ።

በኢትዮጵያ ከ2016 እስከ 2018 በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ያለጊዜያቸው ተወልደው የሞቱ ሕፃናትን የሞት ምክንያት ወላጆች ሲፈቅዱ በአስከሬን ምርመራ ጭምር አጣርቷል። ከሞቶቹ 45 በመቶ ያህሉ ዋና ምክንያታቸው ይኸው የመተንፈስ ችግር ነበር፤ ኢንፌክሽንና በወሊድ ጊዜ መታፈን ተከትለው ይመጣሉ። በሌሎች አገሮች ምርምሩ አሁን የሚያተኩረው ሰርፋክታንትን ሕፃኑን ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር ሳያያይዙ መስጠት ላይ ነው። በሲፓፕ እየተነፈሰ ሳለ በቀጭን ቱቦ የማድረስ ዘዴ በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል፤ በጉም መልክ የማስተንፈሱ ሙከራም በተሻሉ መሣሪያዎች እንደገና ቀጥሏል።