ማን ይቅደም? የመስቀለኛ መንገድ ሕግ ታሪክ

ዛሬ ሰሌዳው ላይ የምንጽፈው ቃል «ቅድሚያ» የሚል ነው። ቅ፣ ድ፣ ሚ፣ ያ፤ አራት ፊደል ብቻ። ይህን ቃል ባለማክበር ግን ስንቱ ሕይወቱን አጥቷል! ስለዚህ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የውጭ አገሮቹን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እነግራችኋለሁ።

በቀድሞ ዘመን ሁለት መንገደኞች ጠባብ መንገድ ላይ ቢገናኙ ማን ያልፍ ነበር? ባለማዕረጉ ነዋ! ትልቅ ሰው አጃቢ አስከትሎ ሲመጣ እግረኛው ዳር ይይዛል፤ ባለበቅሎውም ወርዶ እጅ ይነሣል። መንገድ የሚያስለቅቀው ማንነት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባም የቅድሚያ ሕግ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ከማን ጋር ሊጋጭ?

ጋሪና ሠረገላ የበዛባቸው ከተሞች ግን ከመኪናም በፊት ተቸግረው ነበር። በ1868 ለንደን ውስጥ፣ ምክር ቤቱ አጠገብ፣ በጋዝ የሚበራ ቀይና አረንጓዴ መብራት ተተከለ። የሚያዞረው ፖሊስ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንደ ሠራ ፈንድቶ ፖሊሱን አቆሰለው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መብራት በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ የተተከለው በ1914 ነው።

ይሁንና በየመስቀለኛው መብራት መትከል አይቻልም። ፈረንሳዮች ለዚህ አንድ ቀላል ሕግ ያዙ፤ «ከቀኝህ የሚመጣውን አሳልፍ» የሚል። ልብ በሉ! ይህ ሕግ ጌታ ነህ ወይስ ሎሌ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየት በኩል መጣህ ብቻ ነው። እኛ መምህራን ይህን በክፍል እናየዋለን። ደወል ሲደወል ልጆች በአንድ በር ከተጋፉ ጉልበተኛው ይወጣል፣ ትንሹ ይረገጣል። «የመስኮቱ ረድፍ ይቅደም» ከተባለ ግን ሁሉም በሰላም ይወጣል።

ነገር ግን ሕግም ቦታውን ካልመሰለ ያጣብቃል። ፓሪስ ባለው ኤትዋል አደባባይ ቅድሚያው ከውጭ ለሚገባው ነው፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። መኪና ሲበዛ የሚገባው ይገባል፤ ውስጥ ያለው ግን መውጫ ያጣል። እንዲህ ያለው መቆላለፍ እንግሊዞችንም አስቸግሯቸው ነበር። ፍራንክ ብላክሞር የሚባል መሐንዲስ ሙከራ ካደረገ በኋላ፣ በ1966 «አደባባይ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ስጥ» የሚል ሕግ አወጡ። ውስጥ ያለው ቶሎ ከወጣ ለሚገባው ቦታ ይለቀቃል። ብዙ አገሮችም ተከተሏቸው።

የኛስ? ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረች። በቀኝ ስለምንነዳ አደባባይ ውስጥ የሚዞረው መኪና ወደ ገቢው የሚመጣው ከግራ ነው። እንግዲህ ሾፌር ሆይ፣ ወደ አደባባይ ስትገባ ግራህን እይ፣ ለሚዞረውም ቅድሚያ ስጥ።

አሁን ወደ ምልክቱ እንምጣ። «ቁም» የሚለው ቀይ ሰሌዳ ስምንት ማዕዘን ያለው ለምንድን ነው? የአሜሪካ መንገድ ባለሙያዎች በ1923 ቅርጹን ሲመርጡ፣ በጨለማ ጽሑፉ ባይታይ እንኳ ሾፌሩ በቅርጹ እንዲለየው አስበው ነው። ጫፉ ወደ ታች የሆነው ሦስት ማዕዘን ደግሞ «ቅድሚያ ስጥ» ማለት ነው። አስተውሉ፤ ምልክቱ «ስጥ» ይላል እንጂ «ውሰድ» አይልም። ተራው የኔ ነው ብሎ ሳያይ የሚገባ ሰው ሕጉን አላወቀውም። እያስጮኸ የሚመጣ አምቡላንስ ሲያልፍም የምናሳልፈው ሹም ስለ ተቀመጠበት አይደለም፤ ውስጡ የታመመ ሰው ስላለ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦ በሰፈራችሁ ሰው የሚጋፋበት መስቀለኛ መንገድ የትኛው ነው? ባለጋሪው፣ እግረኛው፣ ሾፌሩስ እዚያ ማንን ያሳልፋል? «ቁም» እና «ቅድሚያ ስጥ» የሚሉትን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ቅርጻቸውንም ሣሉ፤ ለልጆቻችሁም አሳዩ።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።