ከድፎ እስከ ፉርኖ፦ የቁርስ ዳቦ ታሪክ በኮልፌ ቀራንዮ

የስንዴ ታሪክ በማሳ ተጀምሮ በገበታ ይፈጸማል። እኛ አምራቾች ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ኩንታሉ ተመዝኖ ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ምን ዓይነት ዳቦ እንደሚሆን፣ ማን በምን እንደሚበላው እምብዛም አንጠይቅም። በዚህ የበዓል መጽሔታችን ሁለተኛውን ግማሽ በአጭሩ ልናስቃኛችሁ ወደድን።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። በአንድ በኩል የመርካቶው እህል በረንዳ ጎረቤቱ ነው። በሌላ በኩል የጅማ መንገድ በጦር ኃይሎችና በአየር ጤና በኩል ወደ በቾ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ወሊሶና ወልቂጤ ይወጣል። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ኦሮሞውና አማራው በጉርብትና የሚኖሩበት አካባቢ በመሆኑም የቁርስ ገበታው እንደ ነዋሪው ብዙ ዓይነት ነው።

የቤት ዳቦ

ቀዳሚው የእናቶቻችን ዳቦ ነው። ለዕለት ቁርስ ቂጣና ሽልጦ፣ ለእንግዳ አምባሻና አነባበሮ፣ ለበዓል ድፎና ሕብስት ይዘጋጃል። ድፎ በኮባ ተጠቅልሎ በላይና በታች እሳት ስለሚበስል፣ መከራ በሁለት በኩል የበረታበት ሰው “እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ነደደብኝ” ይላል። ኮባው የእንሰት ቅጠል ነው። የእንሰት አገር ሰው ቆጮውን ይዞ ከተማ ሲገባ ቅጠሉም አብሮት ገብቶ፣ የደገኛውን ስንዴ የሚያበስለው ሆኗል። በበዓል ዋዜማ በየገበያው ኮባ ተከምሮ የሚታየው ለዚህ ነው።

ፉርኖ

ሁለተኛው የዳቦ ቤት ዳቦ ነው። “ፉርኖ” የሚለው ስም ምድጃ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ይህ ዳቦ በከተሞች ይበልጥ የተስፋፋው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራ ወዲህ ነው። ፉርኖ ለከተማ ኑሮ ይመቻል። ማገዶና ቡኮ ሳያስፈልግ በማለዳ በፍሬ ይገዛል። ለቀን ሠራተኛውና ለተማሪው “ዳቦ በሻይ” የተሟላ ቁርስ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን ስናነጻጽር ድፎ ክብደትና መዓዛ አለው፤ ሲያድርም ይበላል። ፉርኖ ትኩሱ ለስላሳ ነው፤ ካደረ ግን ይደርቃልና በማግሥቱ በምጣድ ወይም በከሰል ላይ ሞቅ ተደርጎ ይቀርባል።

ማባያው

የተጠበሰ ዳቦ ያለ ማባያ አይሄድም። ተወዳጆቹ ማርና ለጋ ቅቤ ናቸው። በጾም ቀን ቅቤው ይቀርና ማርማላታና የለውዝ ቅቤ ይተካሉ። ከላይኛው አዋሽ የፍራፍሬ እርሻዎች ይወጣ የነበረው የመርቲ ማርማላታ በብዙ ቤቶች ይታወቃል። በሌሎች ቤቶች ፉል በዳቦ፣ እንቁላል ፍርፍር በዳቦ ይቀርባል። ጨጨብሳ ደግሞ ቅቤ፣ በርበሬና ማር በአንድ ሳህን ያገናኛል። ልብ ካልነው ከማባያዎቹ አብዛኞቹ የገበሬ ምርቶች ናቸው።

ስንዴው

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ዳቦ ከአንድ ዓይነት ስንዴ አይወጣም። ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ጎብኝቶ የስንዴያችንን ብዝኃነት ለዓለም አስታውቋል። በወቅቱ በማሳችን የሚበዛው ዱረም፣ ማለትም የማካሮኒ ስንዴ የሚባለው ወገን ነበር። ይህ ስንዴ ለአምባሻ፣ ለቂንጬ፣ ለንፍሮና ለቆሎ ይስማማል፤ ሊጡ ግን እንደ ፉርኖ አይነፋም። ፉርኖ የሚፈልገው የዳቦ ስንዴ በሰፊው የገባው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን እርዳታ በአርሲ ካዱ ከተቋቋመና የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ መሠራጨት ከጀመረ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ የከተማው ዳቦ ለረጅም ዓመታት ከውጭ በሚገባ ስንዴ ላይም ተደግፎ ኖሯል። መንግሥት በድጎማ ለዱቄት ፋብሪካዎች ያቀርብ፣ የዳቦውንም ዋጋና ክብደት ይተምን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የበጋ መስኖ ስንዴ ሥራ መጀመሩ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሰዓት 80,000 ዳቦ የመጋገር አቅም ያለው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ መመረቁ ነገሩ ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ያሳያል።

ፋብሪካ ከውጭ የመጣውን ስንዴ የሚመርጠው የእኛ ስንዴ በዘሩ አንሶ አይደለም። ንጹሕና አንድ ወጥ የሆነ ጭነት ስለሚያገኝ ነው። የእኛ ምርት ከየደጃፉ ተለቃቅሞ፣ ዱረሙ ከዳቦ ስንዴው፣ አዲሱ ዘር ከአሮጌው ተደባልቆ፣ አፈርና እንክርዳድ ይዞ ሲደርስ ሁሉም “ስንዴ” ተብሎ በዝቅተኛው ዋጋ ይሸጣል። በዚህ የሚጎዳው ለይቶ ያመረተው ታታሪ ገበሬ ነው።

ይህን ማስተካከል አንድ ገበሬ ብቻውን የሚችለው አይደለም፤ ማኅበር ግን ይችላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን የተካው ዐዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት በዩኒየን ተደራጅተው በጋራ እንዲሸጡ መንገድ ከፍተዋል። በመንገዱ መጠቀም ግን የእኛ ፈንታ ነው። ዘሩን በቀበሌ ደረጃ ተስማምተን እንዝራ፤ ዱረሙን ለብቻ፣ የዳቦ ስንዴውን ለብቻ እንውቃ፤ አበጥረን በየስሙ እናስረክብ። የአካባቢ አስተዳደሮችም መጋዘንና የጥራት መመርመሪያ እንዲሟላ ቢያግዙ ድካማችን ዋጋ ያገኛል።

ያን ጊዜ የኮልፌ ሰው ፉርኖውን ማር ቢቀባ፣ አምባሻውን በሻይ ቢያጣጥም፣ ከገበታው የሚገኘው ጥቅም ተመልሶ ወደ አምራቹ ደጃፍ ይደርሳል።