ጭስና እንፋሎት ከቤት የሚወጡበት መንገድ፦ የምዕራብ ጎጃም ቤት ከሣር ክዳን እስከ ላሜራ ቱቦ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ለዘመናት ሲሠራ የኖረው ጎጆ ቤት ጭስ ማውጫ የሚባል የተለየ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ይህም ከሙያ ማነስ ሳይሆን ጣራው ራሱ ጭስ ማውጫ ስለነበረ ነው። በምሰሶ ተደግፎ በልጥ በታሰረ ማገር ላይ የሚከደነው ሰንበሌጥ፣ ዝናቡን ወደ ታች እያንሸራተተ ሲያወርድ፣ ከምድጃ የሚነሣውን ጭስና ከድስት የሚወጣውን እንፋሎት ግን በሣሩ መካከል ቀስ በቀስ ያሳልፍ ነበር፤ ማለዳ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ክዳኑ በሙሉ የሚጨስ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። በእንጨቱ ላይ የሚጋገረው ጥቀርሻ ተባይን ይከላከል ስለነበር፣ ገበሬው ለዘር የመረጠውን በቆሎ ነቀዝ እንዳይበላው ከነሽፋኑ ከምድጃው በላይ ይሰቅለው ነበር። የዚህ ሁሉ ጥቅም ዋጋ የተከፈለው ግን በእናቶችና በሕፃናት ዓይንና ሳንባ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ቆርቆሮ በአዳራሾችና በሹማምንት ቤቶች ላይ መታየት የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ ከባድ የፋብሪካ ዕቃን ወደ መሀል አገር ማስገባትን አቀለለ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው፣ የዛሬ ስሟንም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ1933 ዓ.ም. የድል ጉዞ ጋር ተያይዞ ያገኘችው ፍኖተ ሰላም፣ እንደ ቡሬ ሁሉ በዋናው መንገድ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ሣሩን በቆርቆሮ ተክታለች። ቆርቆሮ ግን እንፋሎት አያሳልፍም፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ በውስጥ ገጹ ላይ ወደ ውሃ ተለውጦ ጥላሸት እያጠበ ይንጠባጠባል። ባለሙያዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው መለየትና በግድግዳና በጣራ መካከል ክፍተት መተው ነበር።

መታጠቢያው ወደ ብሎኬት ቤት ሲገባና ጣራው በኮርኒስ ሲሸፈን ያ መልስ አልበቃም። እርጥበቱን የሚስበው ማራገቢያ ያለ ቱቦ ወደ ኮርኒሱ ከተለቀቀ፣ ውሃው ከቆርቆሮው ሥር ተመልሶ በመንጠባጠብ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብም ይህን በግልጽ ይከለክላል። ለቱቦው ተመራጩ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ነው፤ ውስጡ ልሙጥ ስለሆነ አየሩን አያግድም፣ እሳትም አይዘውም። ፒቪሲ አይዝግም፣ ነገር ግን በሙቀት ይለሰልሳል፤ ተጣጣፊው ሽብሽብ ቱቦ ደግሞ በእጥፋቱ ውሃ ስለሚያቁር ከረዥም ርቀት ይልቅ ለአጭር ማገናኛ ይሻላል። የትኛውም ቢመረጥ፣ ጠብታው ወደ ማራገቢያው እንዳይመለስ ቱቦው ወደ ውጭ ጥቂት ያዘቀዘቀ፣ በቀዝቃዛው የጣራ ሥር የሚያልፈውም ሙቀት በሚይዝ ነገር የተጠቀለለ መሆን አለበት።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የከተማ ግንባታ በፈቃድና በደረጃ እንዲመራ ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ ኮርኒስ ከተገጠመ በኋላ ቱቦው የት እንደሚያበቃ የሚያይ ዓይን የለም። ስለዚህ ቤት የሚያሠራ ሁሉ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት የቱቦው አፍ ከጣራው ወይም ከግድግዳው ውጭ መድረሱን ራሱ ቆሞ ይመልከት።