ተሰዳ የተመለሰችው ዳክዬ

አንድ ወዳጃችን የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል «ዛሬ ጋባዡ እኔ ነኝ» ብሎ አራታችንን ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ውድ የቻይና ሬስቶራንት ወሰደን። ሜኑው ሲመጣ ዓይናችን እንደ ልማዱ መጀመሪያ ያረፈው በቀኝ በኩል፣ ዋጋው ላይ ነው። «የቤጂንግ ጥብስ ዳክዬ» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ጋባዣችንን ትንሽ አሳለው። «ዳክዬ ግን ይበላል እንዴ?» አለች አንዷ። ጥያቄው የሃይማኖት ይሁን ለልጁ ኪስ ማዘን ሳይለይ ትዕዛዙ ተሰጠ።

ዳክዬዋ በጋሪ እየተገፋች መጣች። ቆዳዋ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። ሼፉ ከነቆዳዋ በስሱ እየላጠ ሳህን ላይ ደረደራት። በስስ ቂጣ ላይ ጠቆር ያለ ጣፋጭ ሶስ፣ ቀጭን የኪያርና የአረንጓዴ ሽንኩርት ቁራጭ፣ ከዚያ ሥጋው፤ ከዚያ መጠቅለል ነው። መጠቅለል ደግሞ ለሐበሻ ማን ያስተምራል? ወዲያው ጉርሻ ተጀመረ። «ይቺ ልጅ እንዲህ የተወደደችው ከቻይና ድረስ ተሳፍራ ነው እንዴ?» አለ ጋባዣችን።

ቤት ገብቼ ታሪኳን ሳገላብጥ ቀልዱ ከእውነቱ ብዙም የራቀ አልነበረም። ዳክዬ በእርግጥ ተሳፍራለች። ግን በመርከብ፣ ከ150 ዓመት በፊት፣ ያውም ከቻይና ወደ ውጭ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቤተ መንግሥት እንጀምር። ቻይናን ሞንጎሎች በሚገዙበት ዘመን የንጉሡ ምግብ አዋቂ የነበረው ሁ ሲሁዪ በ1330 ባዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የዳክዬ ጥብስ አለ። ቀጥሎ የመጣው የሚንግ ሥርወ መንግሥት በ1421 መናገሻውን ከናንጂንግ ወደ ቤጂንግ ሲያዛውር የዳክዬ ጥብስ ልማድም አብሮ ወደ ሰሜን እንደ ሄደ ይነገራል። «ቢያንዪፋንግ» የተባለው የቤጂንግ ምግብ ቤት የትውልድ ዘመኔ 1416 ነው ይላል። እሱ ዳክዬ የሚጠብሰው በተዘጋ ምድጃ ነው። መጀመሪያ የምድጃው ግድግዳ በእሳት ይግላል፤ ከዚያ እሳቱ ይጠፋና ዳክዬዋ በግድግዳው ሙቀት ብቻ ትበስላለች።

ሁለተኛው መንገድ የመጣው በ1864 ነው። ያንግ ኳንረን የሚባል፣ ዶሮና ዳክዬ በመሸጥ ሳንቲም ያጠራቀመ ሰው ቤጂንግ ቺየንመን አካባቢ የከሰረ የደረቅ ፍራፍሬ ሱቅ ገዛ። የሱቁ ስም «ደጁኳን» ነበር። ገልብጦ «ኳንጁደ» አለውና ዛሬም ድረስ የሚታወቀውን ቤት ከፈተ። በቤተ መንግሥት ማድ ቤት የሠራ ጠባሽም ቀጠረ፤ ዳክዬዋ በተከፈተ ምድጃ ውስጥ ተሰቅላ በፍራፍሬ ዛፍ እንጨት ነበልባል መጠበስ ጀመረች። በቆዳዋና በሥጋዋ መካከል አየር ይነፋል፣ የፈላ ውሃ ይፈስባታል፣ የብቅል ስኳር ትቀባለች፣ ከዚያ ቆዳዋ እስኪደርቅ ትሰቀላለች። ሆዷ ውስጥ ውሃ ስለሚጨመር ውስጧ ሲቀቀል ውጭዋ ይጠበሳል። ለነገሥታት ብቻ ይሠራ የነበረ ሙያ በዚህ መልኩ ገንዘብ ላለው ከተሜ ሁሉ ወረደ።

ፖለቲካም ከገበታው አልራቀም። በጁላይ 1971 ሄንሪ ኪሲንጀር ተደብቆ ቤጂንግ ገብቶ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኢንላይ ጋር ሲነጋገር ነገሩ ከረረ። ዡ ምሳ ይቅረብ፣ ዳክዬው እንዳይቀዘቅዝ አሉ። ከምሳው በኋላ ንግግሩ ለዘብ ብሎ ቀጠለ፤ በዓመቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ገቡ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ስለ ምድጃውና ስለ ጠባሹ ነው። ዳክዬዋስ?

በ1873 ጄምስ ፓልመር የተባለ አሜሪካዊ ከቻይና ነጫጭ ዳክዬዎች ጭኖ ተነሣ። ረጅሙን የባሕር ጉዞ ተቋቁመው አሜሪካ የደረሱት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ኒውዮርክ አጠገብ ያለችው ሎንግ አይላንድ በዳክዬ እርባታ ስሟ የገነነው ከእነዚያ ስደተኞች ዘር ነው። በዚያው ጊዜ እንግሊዝም ወስዳለች። ፈረንጆቹ ዳክዬዋን ሲያረቡ እየመዘኑና እየመዘገቡ ነበር፦ የቷ ቶሎ ትወፍራለች፣ የቷ በትንሽ መኖ ብዙ ሥጋ ትሰጣለች፣ የቷ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። እንግሊዝ ሊንከንሺር ውስጥ ያለው ቼሪ ቫሊ የተባለ ድርጅት በዚህ ሥራ የዓለም ስም አተረፈ።

ከዚያ ምን ሆነ? የቻይና ገበያ ሲያድግና ርካሽ፣ ፈጣን ዳክዬ ሲፈለግ የቼሪ ቫሊ ዝርያ ወደ ቻይና ገባ። ለጥብሱ በግድ እየተመገበች የምትሰባው የአገሬዋ ዳክዬ በዋጋም በፍጥነትም ልትወዳደራት አልቻለችም። በቻይና እርሻዎች ከሚረቡት ነጫጭ የሥጋ ዳክዬዎች አብዛኞቹ የእንግሊዝ ዝርያ ሆኑ። ቻይናዊው አርቢ የቅድመ አያቱን ዳክዬ የልጅ ልጅ ከውጭ ኩባንያ ይገዛ ነበር ማለት ነው! ነገሩ የተቀየረው በ2017 ሁለት የቻይና ድርጅቶች ቼሪ ቫሊን ራሱን ሲገዙት ነው። የቻይና ተመራማሪዎችም አገር ቤት ከቀረው ዘር እየመረጡ የራሳቸውን አዲስ ዝርያ አወጡ።

ይህን ሳነብ ጤፍ ትዝ አለችኝ። በ2005 የአገራችን ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ፈረሙ። በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት በእጁ አስገባ። ከስምምነቱ ያገኘነው ከወጉ የማይሞላ ነው። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው።

ቻይና መልሳ ለመግዛት ገንዘብ ነበራት። እኛ እንጀራችንን መልሰን የምንገዛው በምን ገንዘባችን ነው? «ባህላዊ ምግባችን» ብሎ መኩራት ደስ ይላል፤ የዳክዬዋ ታሪክ ግን ሙያውን በምድጃው ዙሪያ ጠብቆ ዘሩን በሌላ ሰው እጅ ላይ ማግኘት እንደሚቻል ያሳያል። ለዘሩ ደግሞ የሚያስፈልገው ኩራት ሳይሆን ሚዛንና መዝገብ፣ ተመራማሪና በጀት ነው።

ለማንኛውም በዚያ ምሽት የቀረው አጥንት ሾርባ ሆኖ ተመለሰልን። ሒሳቡም መጣ። ጋባዣችን አየውና ወረቀቱን በጸጥታ አጠፈው፤ እኛም እንዳላየን ሆነን ሾርባችንን ጠጣን።