የአኻያ ቅርፊትና የቄሱ ደብዳቤ

ስለ መድኃኒት በምናስተምርበት ጊዜ፣ አያቱ ለራስ ምታት የምታጠጣው ሥር በእውነት ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። እኛም አንዳንድ ጊዜ «ልማድ ነው» ብለን እናጣጥለዋለን፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «የአባቶች ጥበብ ነው» ብለን እናወድሰዋለን። ሁለቱም ለጥያቄው መልስ አይሆኑም። መልሱ በምን መንገድ እንደሚገኝ በአገራችንም በወንዝ ዳር ከሚበቅለው ከአኻያ ወገን የሆነ የአውሮፓ ዛፍ ታሪክ ያስተምረናል።

ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በቺፒንግ ኖርተን ከተማ የአኻያን ቅርፊት ቀመሰ። መራራነቱም የንዳድ መድኃኒት የነበረውን የሲንኮናን ቅርፊት አስታወሰው። ከዚህም ሌላ፣ ንዳድ የሚበዛው አኻያ በሚበቅልበት ርጥብ ስፍራ ስለሆነ መድኃኒቱ ከበሽታው አይርቅም ብሎ አሰበ። ቅርፊቱንም በዳቦ ምድጃ ላይ ከሦስት ወር በላይ አድርቆና ፈጭቶ፣ በጥቂቱ ጀምሮ መጠኑን እየጨመረ ወደ 50 ለሚሆኑ ሕመምተኞች ሰጠ። ውጤቱን በ1763 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለንደን ለሚገኘው የሮያል ሶሳይቲ ጻፈ፤ በሚገባ ያልዳኑ ጥቂት ሰዎች እንደነበሩም አልደበቀም።

የቄሱ ምክንያት ስሕተት ነበር። አኻያ ትኩሳትን ያበርዳል እንጂ እንደ ሲንኮና የወባን ተሐዋሲ አይገድልም። ይሁን እንጂ መጠኑን ለክቶ፣ ያየውን መዝግቦ ስለ ተወ፣ ሥራው ለተከታዮቹ ጠቀመ።

በ1828 ዮሐን ቡኽነር ሳሊሲን የተባለውን መራራ ንጥረ ነገር ከቅርፊቱ ለየ። በ1876 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ማክላጋን ሳሊሲንን አስቀድሞ ራሱ ከዋጠ በኋላ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት ላለባቸው የቁርጥማት ሕመምተኞች መስጠቱንና ሕመማቸው መቅለሉን አስታወቀ። በ1897 በባየር ኩባንያ አስፕሪን የምንለው ውሁድ በንጹሕ መልክ ተሠራ። ሕመምንና እብጠትን እንዴት እንደሚያስታግስ ግን ጆን ቬን እስከ ገለጸበት እስከ 1971 ድረስ አልታወቀም ነበር። ከቄሱ ደብዳቤ እስከዚህ 208 ዓመት መሆኑ ነው።

ሆኖም የስቶን ፈተና አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ ይኸውም ቅርፊቱን ካልወሰዱ ሰዎች ጋር አላነጻጸረም። ትኩሳት በራሱ ጊዜ ሊበርድ ይችላል። ሕመምና ድብርት ደግሞ ሰው መድኃኒት ወሰድሁ ብሎ በማመኑ ብቻ ሊቀልሉ ይችላሉ። ስለዚህ በዛሬው ፈተና ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ይሰጣቸዋል፤ ማን የትኛውን እንደ ወሰደም እስከ መጨረሻው ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቁም። ጉዳቱም አብሮ ይመረመራል፤ የተመሰከረለት አስፕሪን እንኳ ጨጓራን ሊያደማ ይችላልና።

እንግዲህ ያ ተማሪ ሲጠይቀን ጥያቄውን በጥያቄ እናስፋለት። ተክሉ የትኛው ነው? ቅጠሉ ነው ሥሩ? መጠኑስ ስንት ነው? ጠጥቶ ያልዳነ፣ የተጎዳስ አለ? ሳይጠጣ የዳነስ? መጻፍ እንጂ መቅመስ እንደሌለበትም አብረን እንንገረው። እንዲህ ያደረግን እንደሆነ አያቱን ሳናዋርድ፣ እርሱንም ሳናታልል ወደ ሳይንስ በር እናደርሰዋለን።