የአንዲት ክፉ ሴት ሁለት አሻንጉሊቶች



ከጥቂት ጊዜ በፊት በሥራ ጉዳይ ወደ አንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ቤት ሄጄ ነበር። ቡናው ተፈልቶ ገና አቦሉን ሳንጨርስ አያትየዋ ተነሡና ከቁም ሣጥኑ ኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። «ልጄ፣ አንቺ የዚህን አገር ነገር ታውቂያለሽ። ይህች ምንድን ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጋዜጣውን ስገልጠው አንዲት አሻንጉሊት ወጣች። ፀጉሯ ከመሀል ተከፍሎ ግማሹ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ግማሹ እንደ ጥጥ የነጣ ነው። የለበሰችውም ባለ ቀጭን መስመር ልብስ ነው። ልጃቸው ያደገችባቸው ጎረቤቶች ለሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው በስጦታ የሰጧት ናት። አያትየዋ ግን ፀጉሯንና ፊቷን አይተው ደነገጡ። «ይህች ቡዳ ናት፤ ከሕፃን ጋር አታድርም» ብለው ሸሸጓት። ልጅቱ ማልቀሷ አልበቃ ብሎ፣ ጓደኛዋ ቤት ያየቻትን ቀይ የለበሰች ሁለተኛ አሻንጉሊትም ግዙልኝ ትላለች። እናትየዋ በእናቷና በልጇ መካከል ሆና ግራ ተጋብታለች።

ስለ ክራይና ስለ ሥራ ፍለጋ ልንነጋገር ሄጄ ውይይታችን በአሻንጉሊት ላይ ሆነ። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ልጆቻችን ከእኛ ባልመጣ ታሪክ ሲጫወቱ እኛ ታሪኩን ካላወቅነው ልንመክራቸው አንችልም። ስለዚህ የእነዚህን ሁለት አሻንጉሊቶች ታሪክ ለአንባቢያን ባጭሩ ላቅርብ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሩኤላ ማን ናት?

የሁለቱም አሻንጉሊቶች ስም አንድ ነው፤ ክሩኤላ ዴ ቪል ይባላሉ። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት የተቀነባበረ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል ጨካኝ፣ የኋለኛው ደግሞ ሰይጣን የሚለውን ቃል ያስታውሳል። የፈጠረቻት እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶዲ ስሚዝ ናት። ዶዲ ስሚዝ ዳልሜሽን የሚባሉትን ነጭ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውን ውሾች ታሳድግ ነበር። አንዲት ወዳጇ እነዚህን ውሾች አይታ «ከእነዚህ ቆዳ ጥሩ ካፖርት ይወጣ ነበር» የሚል ቀልድ ጣል አደረገችባት። ከዚያች ቀልድ ተነሥታ በ1956 የ101 ዳልሜሽኖችን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች።

በመጽሐፉ ውስጥ ክሩኤላ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴ ሚስት ናት። ሁልጊዜ ይበርዳታል፤ ምግቧም በበርበሬ የተቃጠለ ነው። ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ፀጉሯም ከዚሁ መጽሐፍ የመጣ ነው። ክፋቷ ግን ከዚህ ከማናቸውም አይደለም። ክፋቷ ቡችሎችን ሰርቃና አስገድላ ከቆዳቸው ካፖርት ለማሠራት መነሣቷ ነው።

በ1961 የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ታሪኩን በሥዕል ፊልም አወጣው። ክሩኤላን የሣላት ማርክ ዴቪስ የሚባል ሠዓሊ ነው። አጥንቷ የወጣ፣ ከሰውነቷ እጅግ የሚሰፋ ካፖርት የደረበች፣ ሲጋራዋን የምታውለበልብ አድርጎ ሣላት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሥዕል በሕፃናት አእምሮ ውስጥ ቀረች። በ1996 ደግሞ እውነተኛ ተዋንያን ያሉበት ፊልም ተሠራ፤ ክሩኤላንም ግሌን ክሎዝ ተጫወተቻት። በዚህኛው ፊልም ክሩኤላ የአንድ ትልቅ የፋሽን ቤት ባለቤት ሆነች፤ የቡችሎቹ ባለቤት አኒታም የእርሷ ተቀጣሪ ናት።

የብረት ቀጥቃጩ ልጅ

አሻንጉሊቶቹን የሠራው ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1945 የተመሠረተ ሲሆን ከመሥራቾቹ አንዷ ሩት ሃንድለር ትባላለች። የእርሷ ታሪክ እኛን በተለይ ሊስበን ይገባል። ሩት በ1916 በዴንቨር ከተማ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደች አሥረኛ ልጅ ናት። አባቷ ከሩሲያ ጦር ሠራዊት ጠፍቶ የወጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እኛም የብረት ቀጥቃጭ ልጆች ስለሆንን ስደተኛ ቀጥቃጭ በባዕድ አገር አሥር ልጅ ማሳደጉ ምን እንደሚጠይቅ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ሩት ልጇ ባርባራ ከወረቀት የተቆረጡ አሻንጉሊቶች ይዛ ስትጫወት ታስተውል ነበር። ሕፃናቱ አሻንጉሊቶቹን እንደ ሕፃን ከማቀፍ ይልቅ ትልልቅ ሴቶች አድርገው ያነጋግሯቸዋል፤ የወረቀት ልብስም ያለባብሷቸዋል። በ1956 ወደ ስዊዘርላንድ በሄደች ጊዜ ሊሊ የምትባል የጀርመን አሻንጉሊት አይታ ገዛች። ከዚያም አሳቧን አሻሽላ መጋቢት 9 ቀን 1959 በኒውዮርክ የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ በልጇ ስም ባርቢን አቀረበች። ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 350,000 ያህል ተሸጠ።

የንግዱ ምሥጢር ይህ ነው፦ አካሉ አንድ፣ ልብሱ ግን ብዙ ነው። አሻንጉሊቷን አንድ ጊዜ የገዛ ወላጅ ልብሷን ደጋግሞ ይገዛል። በኋላም ልብሱ ብቻ ሳይሆን አዲስ ልብስ የለበሰች ሌላ አሻንጉሊት ይሸጥለታል።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ

አሁን ወደ አያትየዋ ጋዜጣ እንመለስ። ባለ መስመሯ ክሩኤላ የወጣችው ፊልሙ በወጣበት በ1996 ነው። በሣጥኗ ላይ የተሰጣት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኃይል በባለ መስመር ልብስ» እንደ ማለት ነው። ይህች የመሥሪያ ቤት ክሩኤላ ናት። ልብሷ የአለቃ ልብስ ነው፤ ክፋቷም ሰው ቀጥራ የምታዝዝ የባለ ሥልጣን ክፋት ነው። ቀይዋ ደግሞ በ1997 ወጣች። ስሟም «ርኅራኄ የለሽ በቀይ» እንደ ማለት ነው። ይህችኛዋ የማታ ግብዣ ክሩኤላ ናት፤ ሥልጣኗን ሳይሆን ቁጣዋንና ትዕቢቷን ለብሳለች። ሁለቱም ታላላቅ ክፉዎች ተብሎ በተሰየመ የሰብሳቢዎች ተከታታይ ውስጥ የወጡ ናቸው።

እንግዲህ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፀጉሩ ያው ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ነው። ታሪኳም አንድ ነው። የተለወጠው ልብሷ ብቻ ነው። እኔ ከሁለቱ አንዷን ምረጪ ብባል ባለ መስመሯን እመርጣለሁ፤ ለልጅ የምታስተምረው ነገር አላትና። ቀይዋን ያየ ሕፃን ክፉ ሰው ከሩቅ የሚታወቅ፣ እንደ እሳት የሚነድ ይመስለዋል። ባለ መስመሯ ግን ክፉ ሰው በደህና ልብስ በጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦም ሊገኝ እንደሚችል ታሳያለች።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እነዚህ አሻንጉሊቶች በዋናነት የተሠሩት ለሰብሳቢዎች፣ ማለትም ሣጥኑን ሳይከፍቱ በመደርደሪያ ላይ ለሚያስቀምጡ አዋቂዎች ነው። ለሰብሳቢ ሣጥኑ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል። ለሕፃን ግን ያልተከፈተ ሣጥን ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ለጨዋታ የምንገዛ ሰዎች በሰብሳቢ ዋጋ መግዛት የለብንም።

መጥፎ የምትመስለው የትኛዋ ናት?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የተማርኩት አንድ ጥናት በዚያች ቡና ላይ ትዝ አለኝ። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ ሁለቱም የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ለሕፃናት ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች ያቀርቡ ነበር። «ጥሩዋን ስጠኝ፣ መጥፎ የምትመስለውን ስጠኝ» እያሉም ይጠይቋቸዋል። በ1947 ባሳተሙት ጥናት ከ253 ጥቁር ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መጥፎ የምትመስለው ቡናማዋ ናት አሉ። ከሁሉም በኋላ «አንተን የምትመስለውስ?» ተብለው ሲጠየቁ ያለቀሱ ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤት ጥቁሩንና ነጩን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ የክላርክን ሥራ ጠቅሷል።

ይህን እያሰብኩ አያትየዋን «እማማ፣ እርስዎ ጎንደር ሳሉ ሥራዎ ምን ነበር?» አልኳቸው። «ሸክላ እሠራ ነበር። ድስቱንም፣ ምጣዱንም፤ ለፈረንጅ የሚሸጥ ትንንሽ የጭቃ ሰውም እሠራ ነበር» አሉኝ። «ጎረቤቱስ ምን ይላችሁ ነበር?» ስላቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አሻንጉሊቷን እያዩ «ቡዳ ነበር የሚለን» አሉ።

ወለቃ መንደርን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። የቤተ እስራኤል ወንዶች ማረሻውን ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላውን ይሠራሉ፤ ጎረቤቱ በማረሻው ያርሳል፣ በድስቱ ያበስላል። ሌሊት ግን ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ ይባል ነበር። ማንም ምን አደረጉ ብሎ አልጠየቀም፤ ቡዳ ለመባል ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ መሆን ይበቃ ነበር።

የክሩኤላን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ቡችሎቹ ጋ ስደርስ «አይ፣ ይህችስ በሥራዋ ክፉ ናት። ፀጉሯ ምን አደረገ?» አሉ። አሻንጉሊቷንም ለልጅቱ መለሱላት።

ለወላጆች

ከዚህ ሁለት ምክር አወጣለሁ። አንደኛ፣ ልጃችሁ ክፉ ገጸ ባሕርይ ያለበት አሻንጉሊት ብትወድ አትደንግጡ፤ በክፉ ሰው መጫወት ክፉ አያደርግም። ነገር ግን «ይህች ምን አደረገች?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷን በፀጉር፣ በቀለም ወይም በመልክ ከጀመረች ወደ ሥራው መልሷት። ትምህርት ቤት ውስጥ በመልኳ የሚፈርድባት ቢመጣ ይህን የለመደች ልጅ የምትመልሰው አይጠፋትም።

ሁለተኛ፣ «ሁለተኛዋንም ግዙልኝ» ስትባሉ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልብስ ብቻ መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ቤት ቀይዋ አልተገዛችም። አያትየዋ ከአሮጌ ቀይ ሻርፕ ቆርጠው፣ ልጅቱ ክሩን በመርፌ እያስገባችላቸው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀይ ቀሚስ ሰፉላት። በጠርዙም ላይ የጎንደር ጥልፍ አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ አሻንጉሊቷ ቀዩን ለብሳ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ባለ መስመሩ ልብስም ታጥቦ ተሰጥቷል።